ከእጀታው ላይ የጠፋው ጨርቅ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ቡሬ ውስጥ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ በንብረት ክፍል ስሠራ ነው። የሚሊኒየሙ በዓል አልፎ፣ ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ በየመሥሪያ ቤቱ በገባበት ሰሞን ነበር። ብዙ ዓመት ሆኖታል። ግን ዛሬም ቤት ሳጸዳ የወደቀ ጨርቅ ላነሳ ጎንበስ ስል እጄ ለአፍታ ቆም ይላል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። የተወለድኩት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ንባብ ግን አላቆምኩም፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር አፍታትቼ አነብ ነበር። ፋብሪካው ሲከፈት በጆንያ ሰፊነት ተቀጠርኩ። የጆንያ አፍ እየሰፋሁ፣ በምሳ ሰዓት ደግሞ የንብረት ክፍሉን ሰውዬ በቅጽ መሙላት እያገዝኩ ቆየሁና፣ እሱ ሲለቅ ቦታው ለእኔ ሆነ። ስሜ ጥሩወርቅ ነው። ሠራተኛው ግን "እትዬ ጥሩ" ነበር የሚለኝ።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍቃዱ አስጠሩኝና ጡብ የሚያክል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። ከባሕር ዳር የመጡ፣ ገና ወጣት፣ ግን ለሥራ የማይተኙ ሰው ነበሩ።

"ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የሥራ ላይ ደኅንነት ሥርዓት ዘርጉ ብሎናል። ይህንን መጽሐፍ ለመሐንዲሶቹ ብሰጣቸው አንድ በአንድ መለሱልኝ። እርስዎ እንደሆነ ያገኙትን ሁሉ ያነባሉ።"

"እንግሊዝኛው ነው እንጂ ጉዱ።"

"መዝገበ ቃላት እጨምርልዎታለሁ።"

ጨመሩልኝ። ሁለት ወር ሙሉ ከመጽሐፉ ጋር ታገልኩ። ግማሹ አልገባኝም፤ የገባኝ ግን በቂ ነበር። ከሁሉ በፊት አደጋው የት እንዳለ እወቁ ይላል። ይህን ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ደብተሬን ይዤ ከበር ዘበኛው እስከ ፈጪው ድረስ "ምኑ ነው የሚያስፈራህ?" እያልኩ ጠየቅሁ።

"እኔን የሚያስፈራኝ ግምገማ ብቻ ነው" ብሎ የቀለደብኝ ነበር። ብዙዎቹ ግን አንድ ነገር ነገሩኝ፤ ዘንዶው።

ዘንዶው ማለት ስንዴውን ከማጠራቀሚያው ወደ ወፍጮው የሚገፋ፣ በቦይ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚዞር ረጅም ብረት ነው። ስንዴው እርጥብ ሲሆን ይታነቃል። ያኔ ሰው ቦዩ ውስጥ ወርዶ በእጁ ያጸዳዋል። ሰው እዚያ ውስጥ እያለ ማሽኑ ከተነሳ ምን እንደሚሆን መናገር አያሻም።

ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ሄጄ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ አርባ ቀይ ቆርቆሮ አስቆረጥኩ። በነጭ ቀለም "ሰው አለ፤ አትንካ!" ተብሎ ተጻፈበት። ማሽን ውስጥ የሚገባ ሰው የማሽኑን ማብሪያና ማጥፊያ እጀታ ወደ ታች ያወርዳል፣ ቆርቆሮውን እጀታው ላይ ያንጠለጥላል፣ ከዚያ ይገባል። ሕጉን በእጄ ጻፍኩት። አቶ ፍቃዱ ፈረሙበት፣ ማኅተም ተመታበት፣ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ታዲያ የንብረት ሰው ነኝና ቆርቆሮዎቹ እንዳይጠፉ መደርደሪያዬ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። የፈለገ ቅጽ ሞልቶ፣ የክፍሉን አለቃ አስፈርሞ ይወስዳል፤ ሲጨርስ ይመልሳል። ከአርባው አንድም አልጠፋም። በዚህ እንዴት ኮርቼ ነበር! አንድም ያልጠፋው ማንም ስላልወሰደው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

የሥራ ጫማም አስመጥቼ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉም አርባ አራት ቁጥር ሆኖ መጣ። የዘንዶው ጽዳት ሠራተኛ አለልኝ እግሩን ከተተና እያንሻተተ ቢሮዬ ድረስ መጣ።

"እትዬ ጥሩ፣ ይህ ጫማ ነው ጀልባ? እኔ ብቻዬን ገብቼበት ለሌላ ሰው ቦታ ተረፈ።"

"ካልሲ ደርብበት፣ አለልኝ። ሌላ እስኪመጣ ነው።"

"እንግዲያው ቤተሰቡን ሁሉ ካልሲ አስወልቄ ልምጣ" ብሎ ሄደ።

አለልኝ እንዲህ ነበር፤ ሲስቅና ሲያስቅ የሚውል። የማሽን አንቀሳቃሹ ስመኘው ደግሞ ዝምተኛ ነው። ሁለቱ አበልጆች ናቸው፤ የስመኘውን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሳው አለልኝ ነው። ምሳቸውን ከአንድ ዕቃ ነበር የሚበሉት።

አደጋው የደረሰው ረቡዕ ዕለት ነው። ከሰዓት በኋላ የካይዘን ሥራችንን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ከጧት ጀምሮ ግቢው ሲታጠብና ሲጠረግ ነበር። ሦስት ሰዓት ግድም መብራት ጠፋ። ፋብሪካው ጸጥ አለ። እኔም መብራት መጥፋቱ ለጽዳት ያመቻል ብዬ መሶብ የሚያክል ቅርጫት ይዤ በማሽኖቹ መካከል ዞርኩ። ካይዘንስ የማያስፈልገውን አስወግድ አይደል የሚለው? የተሰበረ መጥረጊያ፣ ባዶ የዘይት ጣሳ፣ ቁልፉ እንኳ ያልተነቀለ የሸሚዝ ቁራጭ፣ የሲጋራ ፓኮ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እየለቀምኩ ከተትኩ። ቅርጫቱን ከጓሮው ቆሻሻ ጉድጓድ አጠገብ አስቀምጬ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ።

አራት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። እንደተለመደው ከየማዕዘኑ "መጣ! መጣ!" ተባለ፣ ተፏጨ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ መነሳት ጀመሩ።

ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። የሰው ጩኸት።

ሮጬ ደረስኩ። ስመኘው የዘንዶውን እጀታ ወደ ታች ጎትቶ ተጣብቆበት ቆሟል፤ ፊቱ እንደ ዱቄት ነጥቷል። አለልኝን ሦስት ሰዎች ከቦዩ ጎትተው አውጥተዋል። አንዱ እግሩ ባዶ ነው። ዘንዶው ጫማውን ይዞ ሲጎትተው እግሩ ከዚያ ሰፊ ጫማ ሹልክ ብሎ ወጣ። ቁርጭምጭሚቱ ከመወለም በቀር ምንም አልሆነም። ጫማው ግን በኋላ ሲወጣ እንደ ጎመን ተከትፏል። ያንን ጫማ ያየ ሰው ሁሉ አማተበ።

እንግዶቹ ሲመጡ አቶ ፍቃዱ በር ላይ ተቀብለው በሌላ ቀን እንዲመለሱ ለመኗቸው።

በማግስቱ ሐሙስ ጧት ግምገማ ተጠራ። በዚያን ዘመን ግምገማ ሲባል ሰው ልቡን ዘግቶ ነው የሚገባው። የተናገረው ነገር ነገ በራሱ ላይ ይዞርብኛል ብሎ ይፈራል። አቶ ፍቃዱ "ያየ ይናገር" አሉ። ሃምሳ የምንሆን ሰዎች ተቀምጠን አንድም እጅ አልወጣም። አንዱ ጣሪያውን ያያል፣ ሌላው ጥፍሩን ያያል።

በመጨረሻ ስመኘው ተነሳ።

"በልጄ እምላለሁ። እጀታው ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። ቢኖር ኖሮ እጄ ይቆረጥ ነበር እንጂ አልነካውም።"

አለልኝ በአንድ እግሩ ተደግፎ ቆመ። "ልጅህ ልጄ አይደለም ወይ? እኔም በእሱ እምላለሁ። ምልክቴን አስሬ ነው የገባሁት።"

አቶ ፍቃዱ ወደ እኔ ዞሩ። "ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ረቡዕ ዕለት ቆርቆሮ ወስዷል?"

መዝገቤን ገለጥኩ። መዝገቤ አይዋሽም። "አልወሰደም" አልኩ፣ በሙሉ ልብ።

አለልኝ አንገቱን ደፋ። ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሕግ አየና ዘጋው። ያንን አየሁ፤ ግን ውሸቱ ስለተያዘበት መሰለኝ።

"እንግዲህ ከሁለት አንዳችሁ እየዋሻችሁ ነው" አሉ አቶ ፍቃዱ። "እስከ ቅዳሜ እውነቱ ካልወጣ ሁለታችሁንም አሰናብታለሁ። በሰው ሕይወት የሚዋሽ ሰው እዚህ አይሠራም።"

የዚያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ አበልጆች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው በሉ። አለልኝ አላሳቀም። ከሰዓት በኋላ የስመኘው ሚስት ሕፃኑን አዝላ በር ላይ አስጠራችኝ። ስለ ባሏ እንጀራ ልትለምነኝ የመጣች መስሎኝ ነበር።

"እትዬ ጥሩ፣ የልጄ ክርስትና አባት ትናንት ማታ በደጃችን አልፎ ሄደ። እያነከሰ፣ እየዘለለ፣ ሳይገባ" አለችና አለቀሰች።

እኔም ቢሮዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። ያ መጽሐፍ ፊቴ ላይ አለ። "አደጋ ለጥቂት ሲያልፍ ሠራተኞች ሳይፈሩ የሚናገሩበት መንገድ አበጁ" የሚል ምዕራፍ ነበረው። ከሥሩ አስምሬበታለሁ። መንገዱ እንዴት ያለ እንደሆነ ግን አልጻፈም። ሃምሳ ሰው ጥፍሩን እያየ የተቀመጠበትን ያን ስብሰባ አሰብኩ። ከዚያ ድንገት አባቴ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን የአንድ ጎረቤት በሬ ጠፋ። አባቴና ሌሎች ሽማግሌዎች አገሬውን ሰብስበው አውጫጭኝ ተቀመጡ። የማታውቁት ካላችሁ፣ አውጫጭኝ ማለት አገር ሁሉ ወጥቶ፣ እውነቱ እስኪገኝ ተቀምጦ የሚያፋልግበት ሸንጎ ነው። ሌባውን ያየ ሰው ቂም ስለሚፈራ በግልጽ አይናገርም። ለአንድ ታማኝ ሽማግሌ በጆሮው ይነግረዋል። ሽማግሌውም ተነስቶ "ወፍ እንዲህ አለችኝ" ይላል። ወፏ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። በአባቴ ሸንጎ በሬው በሦስተኛው ቀን ተገኘ።

ወደ አቶ ፍቃዱ ገባሁ።

"አውጫጭኝ?" አሉ። "ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ እኛ እኮ በሬ አልጠፋብንም።"

"እውነቱ ጠፍቶብናል፣ አቶ ፍቃዱ።"

"ይህ ዘመናዊ ፋብሪካ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ቢሰማ ምን ይለናል?"

"መጽሐፉ ውስጥ አለ። ሳይፈሩ የሚናገሩበት መንገድ አበጁ ይላል። ፈረንጆቹ ስሙን ስላላወቁት ነው ያልጻፉት።"

ሳቁ። ሲስቁ እንደተሸነፉ አወቅሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው፤ ወፍ ባመጣችው ቃል ማንም ሰው እንዳይቀጣ። ጻፍኩት፣ ፈረሙበት፣ ማኅተም መቱበት። ቆራጥ ሰው ነበሩ።

ዓርብ ጧት መኪና የሚመዘንበት ዳስ ሥር ባዶ ጆንያ አንጥፈን ተቀመጥን። ሽማግሌ አድርገን የመረጥናቸው የበር ዘበኛውን አያ መኩሪያውን ነው። በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ፤ ከማንም ጋር ተጣልተው አያውቁም። አንድ ችግር ነበረባቸው፤ የግራ ጆሮአቸው አይሰማም።

"ሰዎች፣ በቀኙ ንገሯቸው!" አልኩ። "በግራቸው የነገረ ወፍ አገር ሰምቶ ነው እሳቸው የሚሰሙት።"

ዳሱ በሳቅ ሞላ። ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነው።

ማን እንደተናገረ እንዳይታወቅ ሁሉም ሰው ተራ በተራ አያ መኩሪያው ዘንድ ሄዶ ጆሮአቸው ላይ እንዲያጎነብስ ተስማማን። የሚናገረው የሌለው ሰው በጆሮአቸው አባታችን ሆይን ደግሞ ይመለሳል። ስለዚህ ሁሉም ሰው እኩል ጊዜ ይቆያል። አቶ ፍቃዱም ሄዱ። ጆንያ ሰፊዎቹም ተከታትለው ሄዱ። እኔም ሄድኩ፤ የምናገረው ነገር ስለሌለኝ አባታችን ሆይን ደግሜ ተመለስኩ።

አያ መኩሪያው በበትራቸው ተደግፈው ተነሱ። በስመ አብ ብለው ጀመሩ።

"ወፍ እንዲህ ትላለች። የላይኛው መሰላል ሁለተኛው እርከን ተሰንጥቋል። የሚያውቅ ይዘለዋል፤ የማያውቅ ይወድቅበታል።"

ጻፍኩ።

"ሌላዋ ወፍ፣ በማታ ፈረቃ ከስንዴው ክምር ላይ ወጥቶ የሚተኛ ሰው አለ ትላለች። ክምሩ ቢናድ ይቀበራል።"

ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ መሬት መሬት አዩ። እኛ አንዱን ስንፈልግ ሦስት መሆናቸው ነው። ሰው እንደገና ሳቀ።

"የአቧራ መከላከያው ጭንብል ያለው አፍ ላይ ሳይሆን ኪስ ውስጥ ነው ትላለች። ሌላዋ ደግሞ የወፍጮው ቀበቶ መሸፈኛ ከተነሳ ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ብሎኑ ጠፍቶ ነው ትላለች።"

እጄ ጽፎ ሊያዳርስ አልቻለም። በዚያ ሁሉ ንባብና ጥያቄ ያላገኘሁትን በአንድ ጧት አገኘሁት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አያ መኩሪያው ግን እዚህ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ እኔ አየት አደረጉና ዓይናቸውን መለሱ።

"ሌላም ብላ ነበር" አሉ። "እርጅና ነው፤ ተረሳኝ።"

እኔ ነኝ ያልለቀቅኋቸው። እግዚአብሔር ያያል፣ ያን ጊዜ የስመኘው ሚስት ዕንባ ነበር በዓይኔ ላይ ያለው።

"አይ፣ አያ መኩሪያው! ወፍ ያለችው አይዋጥም። አንቱ ካልተናገሩ ሁለት ሰው ነገ ከሥራ ይወጣል። ማንንም ቢነካ ይናገሩ።"

"ማንንም ቢነካ?"

"ማንንም!"

ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ አጸኑ። "እንግዲያው እንዲህ ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አለልኝ እጀታው ላይ ጨርቅ አስሮ ነበር። የሸሚዝ ቁራጭ። ከጥንት ጀምሮ ዘንዶው ቤት ሰው ሲገባ ጨርቅ ነው የሚያስረው። ስመኘው ሲደርስ ጨርቁ አልነበረም። በመካከሉ አንድ ሰው ፈትቶ በቅርጫት ከቶታል። ያ ሰው ለክፋት አይደለም፤ ለእንግዶቹ ቤት ሲያሳምር ነው።"

ቁልፉ ያልተነቀለ የሸሚዝ ቁራጭ።

በሁለት ጣቴ፣ እንዳያቆሽሸኝ ብዬ፣ እንዴት እንደፈታሁት እዚያው ታየኝ። ቋጠሮው ጠንክሮብኝ ነበር። "ይህን ደግሞ ምን አሰቀለው?" ብዬ እንደነበርም ትዝ አለኝ። አለልኝ እዚያው ነበር፤ ከእኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ቦዩ ውስጥ፣ በጨርቁ ተማምኖ።

ማንም ወደ እኔ አላየም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ስንቱ እንደሚያውቅ ገባኝ። ያዩኝ ሰዎች ነበሩ። ረቡዕ አልተናገሩም፤ ሐሙስም አልተናገሩም። እትዬ ጥሩን በሰው ፊት ማሳፈር ከበዳቸው። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ መዝገቤን ይዤ ሰው ፊት ቆሜ "አልወሰደም" ስል ነበር።

ዝም ብል እችል ነበር። ወፏ ስም አልጠራችም። ሁለቱ ሰዎች ነጻ ወጥተዋል። አያ መኩሪያውም ለመቀመጥ እየተዘጋጁ ነበር።

ተነሳሁ።

"ያ ሰው እኔ ነኝ። ጨርቁን የፈታሁት እኔ ነኝ። ትናንት ደግሞ አለልኝን ውሸታም ያስመሰልኩትም እኔ ነኝ።" ወደ አቶ ፍቃዱ ዞርኩ። "ወረቀቱ ወፍ ባመጣችው አይቀጣም ይላል። የእኔን ስም ግን ወፏ አላመጣችውም፤ ራሴ ነኝ ያመጣሁት። የፈለጉትን ያድርጉ።"

አቶ ፍቃዱ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው አዩት። "ማኅተሙ የእኔ ነው" አሉ። "ለሁሉም ነው የመታሁት። ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።"

አልተቀመጥኩም። አለልኝ ዘንድ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። እሱ ግን በእንጨት ተደግፎ ተነስቶ ጠበቀኝ።

"እትዬ ጥሩ፣ ያ ጀልባ ጫማ ባይሆን እግሬ አይወጣም ነበር። በአንዱ ጥፋትዎ ሌላውን ካሱት። ሂሳብ ዘግተናል።"

ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀብኝ። ስመኘው ከኋላ መጥቶ ቆሞ ነበር። አለልኝ ወደ እሱ ዞሮ "አንተ ደግሞ፣ በልጄ በውሸት አትማል" አለው። ስመኘው "በውሸት አልማልኩም እኮ" አለ። "እኔስ መች?" አለ አለልኝ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ያንን ያዩ ጆንያ ሰፊዎች እልል አሉ።

ከዚያ አለልኝን አንድ ነገር ጠየቅሁት። "ለምን ቆርቆሮውን አልወሰድክም?"

"ቅጽ መሙላት፣ አለቃ መፈለግ፣ ማስፈረም። አለቃው ደግሞ ያን ቀን ለእንግዶቹ አበባ ሊያመጣ ሄዷል። ሕጉ ጥሩ ነው፣ እትዬ ጥሩ። ግን እርስዎ ዘንድ ነው የተቆለፈበት።"

ከዚህ በላይ ምን ይባላል? መጽሐፉን ሁለት ወር ያነበብኩት እኔ፤ ጨርቁን ግን ከእኔ በፊት ራሳቸው አበጅተውት ነበር። "ምኑ ያስፈራሃል?" ብዬ ጠየቅሁ እንጂ "እስከ ዛሬ እንዴት ተረፍክ?" ብዬ አልጠየቅሁም።

በዚያው ዕለት ጓሮ ሄጄ ጨርቁን ፈለግሁ። ቅርጫቱ ተገልብጧል፣ ጉድጓዱ ተቃጥሏል። አመድ ብቻ ነበር።

ሰኞ ግድግዳው ላይ ያለውን ሕግ ገንጥዬ አዲስ ጻፍኩ። ቆርቆሮዎቹ ከመደርደሪያዬ ወጥተው በየማሽኑ አጠገብ ተሰቀሉ፤ ቅጽ የለም፣ ፊርማ የለም። ጆንያ ሰፊዎቹ ለእያንዳንዱ የማሽን ሠራተኛ የየራሱን ጨርቅ ሰፉለት፤ የአለልኝ ቢጫ፣ የስመኘው ሰማያዊ። ቆርቆሮው በዚያ ጨርቅ ይታሰራል። ያሰረው ሰው ብቻ ይፈታዋል፤ ሥራ አስኪያጅ ቢሆን፣ እንግዳ ቢሆን፣ እትዬ ጥሩ ብትሆን ሌላ አይነካውም። በየወሩ አንድ ዓርብ ደግሞ አውጫጭኝ እንቀመጣለን። መዝገቤ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ ርእሱ "ወፍ" ይላል።

በኋላ ከዞን አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ መዝገቡን ሲያገላብጥ "ይህ ምንድን ነው? ዶሮም ታረባላችሁ?" ብሎ ጠየቀኝ። አያ መኩሪያውን ጠራኋቸውና አስረዱት። ሰውዬው በግራ ጆሮአቸው በኩል ቆሞ ስለነበር ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ነበር የጮኸው። ሲሄድ ግን ዓምዱን በደብተሩ ገልብጦ ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላ በፋብሪካው ብዙ ዓመት ሠራሁ። ጣት የተላጠ፣ እግር የተወለመ አይጠፋም ነበር። ዘንዶው ግን እኔ እያለሁ ማንንም አልነካም።

ጡረታ ስወጣ ሠራተኛው በዚያው ዳስ ሥር ሸኘኝ። አያ መኩሪያው ቀደም ብለው አርፈው ነበር። አለልኝ ያን የተከተፈ ጫማ ቀለም ቀብቶ፣ አበባ ተክሎበት ሰጠኝ፤ ሰው በሳቅ ወደቀ። ስጦታዎቹን ፍኖተ ሰላም ቤቴ ደርሼ አንድ በአንድ ስፈታ ከመካከላቸው ስም ያልተጻፈበት ትንሽ ጥቅል አገኘሁ። በዱቄት ከረጢት ወረቀት ተጠቅልሏል።

ፈታሁት። የሸሚዝ ቁራጭ ነው። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ ዳር ዳሩ እንዳይተረተር ተሰፍቷል። ቁልፉ አልተነቀለም።

ለካ አልተቃጠለም ነበር። ያየችኝ ወፍ ያን ዕለት ከቅርጫቱ አውጥታ አስቀምጣዋለች። ሲያስፈልግ ማስረጃ ይሆናል ብላ ይሆናል። አላስፈለገም፤ እሷም በዚያ ሁሉ ዓመት አላወጣችውም።

ስፌቱን አየሁት። ክሩ መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ውስጥ ተቋጥሯል። ይህን ቋጠሮ አውቀዋለሁ፤ የጆንያ አፍ ስንዘጋ የምንቋጥረው ነው፣ እኔም ስንት ዓመት ቋጥሬዋለሁ። በዚያ መስመር ያኔ አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። ስማቸውን ሁሉ አውቃለሁ፤ የእያንዳንዷን የእጅ ሥራም ትንሽ ባጤን እለየው ነበር።

ጨርቁን መልሼ ጠቀለልኩት።

ዛሬ ያ ጨርቅ መጽሐፎቼን በማኖርበት ሣጥን ውስጥ ነው። በዚያ ፋብሪካ የሠራሁት ሥርዓት ጥሩ ነበር ብዬ ሳልፈራ እናገራለሁ፤ ጥሩ የሆነው ግን ከዚያ ዓርብ በኋላ ነው። ጥፋቴን ሳስበው አሁንም ያንዘፈዝፈኛል። ስለ ጥፋቴ የነገረችኝን ሳስብ ግን ልቤ ይሞቃል። ከአሥራ አንዱ አንዷ ይህን ካነበበች፣ ማን እንደሆንሽ አልጠየቅሁም፤ አልጠይቅምም። ጨርቁ ደርሶኛል።